አድራሻ፣ መለያ ወይስ ማጣቀሻ?

ጥያቄ፦ የአንድ አክተር (መልእክት እየተቀበለ ራሱን ችሎ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) ላይብረሪ መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ለአክተሩ መልእክት የሚላክበትን ነገር እኔ «አድራሻ» አልኩት፤ ባልደረቦቼ ግን «መለያ» ወይም «ማጣቀሻ» ይበል ይላሉ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ «አድራሻ» ይበሉ፤ እንዳይለቁት። ቃሉ የወጣው ከ«አደረሰ» ነው፤ ስ ወደ ሽ መለወጡ በ«መድረሻ»ና በ«መጨረሻ» የምናየው ላንቃዊነት (ድምፁ ወደ ላንቃ መሳቡ) ነው። («ድርሰት» ከዚሁ ፊደላት ቢቆምም የግእዙ ደረሰ ማቀናበርን ነው የሚናገረው፤ ለመድረስ ግእዝ በጽሐ ይላል።) እንግዲህ አድራሻ በሥሩ ማድረስ አለበት። የአክተር አድራሻም የሜሞሪ ቦታ አይደለም፤ አክተሩ ሌላ ማሽን ላይ ቢሆን እንኳ መልእክቱ የሚደርስበት ነው።

«አንዱን ከሌላው የሚለየው እሱ ስለሆነ መለያ ይባል» የሚሉ አሉ። ኧርላንግ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይመልከቱ። አንድ ፕሮሰስ (በኧርላንግ አክተሩ ማለት ነው) በራሱ ኖድ (በሚሠራበት የኧርላንግ ሲስተም) ላይ 0.85.0 ተብሎ ይታተማል፤ ከሌላ ኖድ ሲታይ ግን የመጀመሪያው ቁጥር 0 መሆኑ ይቀራል፤ ኖዱን የሚያመለክተው እሱ ነውና። ይህን የታተመ ቁጥር መለያ ነው ብሎ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሲስተሙ ከተነሣ በኋላ ሌላ ፕሮሰስ ያገኝበታል፣ ወይም ምንም አያገኝም። አካ በሚባለው የአክተር ላይብረሪ ደግሞ አክተሩ ወድቆ ሪስታርት ቢደረግ አድራሻው እንዳለ ይቆያል። ቆሞ በዚያው ስም ሌላ ከተፈጠረ ግን ዱካው አንድ ሆኖ ሳለ የድሮው አድራሻ አዲሱን አያገኘውም፤ መልእክቱ ከሙት ደብዳቤዎች (ተቀባይ ካጡ መልእክቶች) ጋር ይቀራል። ስለዚህ ስሙ የተጻፈበትን መስመር «ዱካ»፣ የፊተኛውን አክተር ከኋለኛው የሚለየውን ቁጥር ብቻ «መለያ» ይበሉ።

«ማጣቀሻ»ን አልወደውም። ሥሩ ጠቀሰ ነው፤ በዓይኑ የጠቀሰ ሰው አመለከተ እንጂ አላደረሰም። በአካ የተሰጠው ስም ቃል በቃል ሲመለስ ማጣቀሻ መሆኑን አልክድም። ፕሮግራመሮችም ለምደውታል፤ ስሕተት ነው ለማለት ጊዜው አልፏል።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ አገባቡ ነው። «አድራሻውን ላክለት» እና «ወደ አድራሻው ላክለት» ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። በኧርላንግ ጠያቂው አክተር ቆጣሪ የሆነውን ሌላ አክተር «ድምሩን ንገረኝ» ሲለው የራሱን አድራሻ በመልእክቱ ውስጥ ካላስገባ ቆጣሪው ወዴት እንደሚመልስ አያውቅም። «ን» ሲኖር አድራሻው ራሱ ጭነት ነው፤ «ወደ» ሲቀድመው ተቀባዩ ነው። በመመሪያው «አድራሻ ላክ» ብለው በደፈናው ከጻፉ አንባቢው መልእክቱን ባዶ አድርጎ ይልክና መልስ ሲጠብቅ ይቆያል።