ከአገር ቤት ይዘናቸው የመጣናቸው እንግሊዝኛዎች

ሰላም ወገኖቼ፣ አሜሪካ ከገባሁ 22 ዓመት ሆነኝ፣ ከዛ ውስጥ 14ቱን ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሆስፒታሎች ውስጥ በአስተርጓሚነት ነው የሰራሁት። አዲስ የመጡ ልጆች ሁሌ "እንግሊዝኛዬን እንዴት ላሻሽል" ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ሁሌ አንድ ነገር ነው የምነግራቸው። የማታውቀውን ቃል ትጠይቃለህ፣ ስልክህን አውጥተህ ትፈልገዋለህ። ከአዲስ አበባ ወይ ከደሴ ይዘኸው የመጣኸውን ቃል ግን አትጠይቅም፣ ለምን ትጠይቃለህ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ አማርኛ ውስጥ ስትጠቀምበት ኖረህ የራስህ ሆኗላ። እዚህ ግን ያው ቃል ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቅሃል።

ቀላሎቹ አያሳስቡኝም። ባትሪ ስንል እኛ የምናበራውን ነው፣ እነሱ ደግሞ ውስጡ የሚገባውን ድንጋይ ብቻ ነው የሚያውቁት። ሶፍት ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አይገባውም፣ ሞተር ገዛሁ ስትሉ ሞተርሳይክል መሆኑ አይገባቸውም፣ በሰርቪስ ነው የምመጣው ብትሉም እንደዛው። በእጅ አሳይታችሁ ታልፋላችሁ። እኔን እንቅልፍ የሚነሱኝ ወረቀት ላይ የሚመጡት ናቸው።

ስፖንሰር የሚለውን ውሰዱ። አገር ቤት ስፖንሰር ማለት ለቲቪ ፕሮግራም ብር የሚሰጥ ድርጅት ነው፣ ወይ የአንድ ተማሪ ወጪ የሚችል ደግ ሰው፣ ሲችል ይሰጣል ሲያቅተው ያቆማል ማንም አይከሰውም። እዚህ ለቤተሰብ ቪዛ ስፖንሰር ሁኑ ስትባሉ የምትፈርሙት አይ 864 የሚባል ፎርም ነው፣ እሱ ከመንግስት ጋር የሚገባ ውል ነው። የሚመጣውን ሰው ኑሮ ከድህነት መስመሩ ከ125 ፐርሰንት በታች እንዳይወርድ እደግፈዋለሁ ብላችሁ ነው የምትፈርሙት፣ ሰውየው አንዳንድ የመንግስት እርዳታ ከወሰደም መንግስት ገንዘቡን ከናንተ መጠየቅ ይችላል። ይሄ ግዴታ ሰውየው ዜጋ እስኪሆን ወይም 40 ኳርተር፣ ማለትም አስር ዓመት ገደማ ስራ እስኪቆጠርለት ድረስ ይቆያል፣ ከዛ በፊት የሚያቋርጠው እሱ ወይም የፈረመለት ሰው ከሞተ ወይም መኖሪያ ፈቃዱን ትቶ ካገሩ ጨርሶ ከወጣ ነው። ባልና ሚስት ቢፋቱ እንኳን አይቀርም፣ ይሄንን ስነግራቸው ፊታቸው የሚቀየር ስንት ሰው አይቻለሁ። "የሱ ገቢ ስለማይበቃ አንቺ ጆይንት ስፖንሰር ሁኚልን፣ ፊርማ ብቻ ነው" የተባለች እህት በሙሉ ይሄን ሳታውቅ ነው የምትፈርመው። ክፉ ነው አትፈርሙ እያልኩ አይደለም፣ እኔም ለእህቴ ባል ፈርሜያለሁ፣ ግን አውቄ ነው የፈረምኩት።

ሳላውቅ የፈረምኩት ሌላ ነበር። የዛሬ አስራ ምናምን ዓመት አብሮኝ የሚሰራ ልጅ መኪና ሊገዛ ክሬዲት፣ ማለትም የብድር ታሪክ፣ ስላልነበረው ኮሳይን አርግልኝ አለኝ። እኔ ኮሳይን ሲባል እንደ ምስክር ነው የመሰለኝ፣ ልጁን አውቀዋለሁ ጨዋ ነው ብሎ መፈረም፣ በቃ። አራት ወር ከፍሎ ስራ ሲያጣ ባንኩ የደወለው ለኔ ነው፣ ቀሪው 11,000 ዶላር እንዳለ የኔ እዳ ሆኖ ተቀመጠ። በኋላ ወረቀቱን አውጥቼ ሳነበው፣ ተበዳሪውን መጀመሪያ ሳይጠይቅ አበዳሪው በቀጥታ ከኔ መቀበል እንደሚችል ለብቻው ተጽፎ አለ፣ ፊት ለፊት፣ አልተደበቀም። የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ፣ ልጁ በአማርኛ "ዋስ ሁነኝ" ቢለኝ ኖሮ አስር ቀን አስብበት ነበር። ዋስ ምን እንደሆነማ እናውቃለን፣ ዋስ የሆነ ሰው ባለእዳው ሲጠፋ በሬውን እንደሚሸጥ አያቶቻችን ነግረውናል። ኮሳይነር ማለት ዋስ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ከዛ ወዲህ ወረቀት ሲሰጠኝ ቃሉን ወደ አማርኛ ሳልመልሰው አልፈርምም።

ኮንትራትም እንደዚሁ። አገር ቤት ኮንትራት ሰራተኛ ብትሆን ቀጣሪህ አለ፣ ግብርህን ከደሞዝህ ቆርጦ የሚያስገባው እሱ ነው፣ ቋሚ አለመሆንህ ብቻ ነው ልዩነቱ። እዚህ ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር ሲሉህ ቀጣሪ የለህም ማለታቸው ነው፣ አንተ ራስህ ድርጅት ነህ፣ ማንም ታክስ አይቆርጥልህም። ኡበር ለምትነዱ ልጆች ይሄንን ደጋግሜ እላለሁ፣ በየሳምንቱ አካውንታችሁ ላይ የሚገባው ብር በሙሉ የናንተ አይደለም፣ ከተጣራው ትርፍ ላይ 15.3 ፐርሰንቱ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር፣ ማለትም የጡረታና የአዛውንት ህክምና መዋጮ ነው፣ ኢንካም ታክሱ ደግሞ ከዛ ሌላ ተጨምሮ ነው። ለብቻ አስቀምጡት።

ዲዳክቲብልን ደግሞ ብዙ ሰው ኢንሹራንሱ የሚቀንስልን ብር ነው ብሎ ያስባል። ግልባጩ ነው፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምታወጡት ነው፣ ዲዳክቲብላችሁ 1,000 ከሆነና የመኪናው ጥገና 1,400 ከመጣ የነሱ ድርሻ 400 ብቻ ነው። ፕሪሚየም የሚለውም ምርጥ ማለት አይደለም፣ በየወሩ የምትከፍሉት መዋጮ ነው። ሊዝ የሚለውን አገር ቤት ለ99 ዓመት መሬት ከመያዝ ጋር ስለምናውቀው የኔ የሚያደርግ ይመስለናል፣ እዚህ መኪና ሊዝ ካደረጋችሁ ተከራያችሁ ማለት ነው፣ ጊዜው ሲያልቅ ትመልሳላችሁ፣ በማይል የተገደበም ነው።

አሁን ወደሚያስለቅሰው ልምጣ። እኛ ባህላችን ሆኖ የአክስት ልጅ ወንድም ነው፣ አብሮን ያደገ ወንድም ነው፣ የወንድማችንን ልጅ ልጄ ነው እንላለን፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው አይጥፋብን። ፎርም ላይ ግን ብራዘር ማለት ከአንድ እናት ወይም አባት የተወለደ ወይም እንደ ጉዲፈቻ ባለ መንገድ በህግ ወንድም የሆነ ነው። ከልቡ፣ ሳይዋሽ፣ የአክስቱን ልጅ ብራዘር ብሎ የሞላ ሰው ዲኤንኤ ሲጠየቅ ውሸታም ተብሎ ይቀመጣል፣ አንዴ ያ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ኢሚዲየት ሪሌቲቭ ሲባልም በኛ ልብ የቅርብ ዘመድ ሁሉ ነው፣ በኢሚግሬሽን ግን የዜጋው ባል ወይ ሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጅ፣ እና ዜጋው 21 ከሞላው እናትና አባቱ ናቸው። ወንድምና እህት ሌላ ወረፋ ላይ ነው ያሉት፣ ያ ወረፋ ከአስር ዓመት በላይ ያስጠብቃል። ለእናታችሁ "ለወንድሜ አስገባሁለት፣ ቅርብ ነው" ብላችሁ ከመንገራችሁ በፊት ይሄን እወቁ፣ እዛ ቆጥረው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

የዜግነት ማመልከቻው ላይ ታስረህ ታውቃለህ ወይ ከሚለው ጋር ሳይትድ የሚል ቃልም አለ፣ ሰው "እኔ ታስሬ አላውቅም" ብሎ ኖ ይላል። ሳይትድ ማለት ፖሊስ የክስ ወረቀት ጽፎልህ ከሆነ ማለት ነው። ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ለጠበቃ አሳዩ።

ሆስፒታል ደግሞ ስራዬ ስለሆነ ልቤ እዛ ነው። አንዴ አንዲት እናት ከ13 ዓመት ልጃቸው ጋር መጡ። "ኩላሊቴን አመመኝ" አሉ፣ ልጅቷም "ኪድኒ" ብላ ተረጎመች፣ ትክክል ነው እኮ። የሽንት ምርመራ ታዘዘ፣ አልትራሳውንድ ታዘዘ፣ ሁሉም ደህና ነው። እኔ በሁለተኛው ቀጠሮ ነው የገባሁት። "እማዬ እስቲ የቱ ጋ ነው፣ በእጅዎ ያሳዩኝ" አልኳቸው፣ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው መዳፋቸውን ከመቀነታቸው በታች ወገባቸው ላይ አሳረፉት። ሙሉ ቀን ቆመው የሆቴል አንሶላ የሚቀይሩ እናት ናቸው። ጀርባዬን ወይ ወገቤን ለማለት ኩላሊቴን የምንል ብዙ ነን፣ ሀኪሙ ግን የሚሰማው የውስጥ አካሉን ነው።

ሳይነስ አለብኝ አትበሉ፣ ሳይነስ ሁሉም ሰው ፊቱ ውስጥ ያለው ክፍተት ነው፣ በሽታው ሳይነሳይተስ ነው። ጋስትሪክ ማለትም "የጨጓራ" ማለት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም፣ ያቃጥለኛል፣ ስበላ ይብሳል፣ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል በሉ፣ የሚሰማችሁን መናገር ከስሙ ይበልጣል። ክሮኒክ ሲሏችሁ አትደንግጡ፣ የቆየ ማለት ነው፣ የማይድን ወይ የከፋ ማለት አይደለም። አኪዩት ደግሞ በድንገት የመጣ ነው። ውጤት ፖዘቲቭ ነው ሲሉ የተፈለገው ነገር ተገኝቷል ማለታቸው ነው፣ ደስ የሚል ዜና ነው ብሎ መድሃኒቱን ሳያመጣ የቀረ ሰው አውቃለሁ። የራጅ ወረቀት ላይ አንሪማርከብል የሚል ካያችሁ ደግሞ ደህና ነው፣ የተለየ ነገር አልታየም ማለት ነው።

ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ፣ እለምናችኋለሁ። ያቺ የ13 ዓመት ልጅ እናቷ የሚያማቸውን ነገር እኔ ነኝ ያሳሳትኩት ብላ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ ነው ያገኘኋት። ከፌዴራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፣ መሰረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ ነው፣ ዲሲ ላይ ደግሞ ለከተማው መስሪያ ቤቶች በ2004 የወጣ የቋንቋ ህግ አለ፣ ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ ብትችሉም መጠየቅ ትችላላችሁ፣ እኔ ራሴ ለእናቴ ቀጠሮ ስሄድ ሌላ አስተርጓሚ አስጠራለሁ። ሪሴፕሽን ላይ ብዙ ቋንቋ የተደረደረበት ወረቀት ብዙ ቦታ አለ፣ ከነሱ መሀል በራሳችን ፊደል "አማርኛ" የሚል ታያላችሁ፣ ምንም ሳትናገሩ ጣታችሁን እዛ ላይ አድርጉ፣ ስልክ ይደውላሉ፣ ትንሽ ቆይቶ "ጤና ይስጥልኝ" የሚል ድምጽ ትሰማላችሁ።