ዶክላንድስ ሲለማ ነባሩ ነዋሪ ተጠቀመ ወይ?

የለንደን ዶክላንድስ (በምሥራቅ ለንደን ያለው የድሮ ወደብ ሰፈር) መልሶ ሲለማ ነባሩ ነዋሪ ተጠቀመ ወይ ብለህ ለጠየቅከው፦ መሬቱ ተጠቅሟል፣ ሰዉ ግን እንደ ዕድሉ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ወደቦቹን የገደላቸው ኮንቴይነር ነው። ግዙፎቹ መርከቦች በቴምዝ ወንዝ ታች ወዳለው የቲልበሪ ወደብ ወረዱ፣ የመጨረሻዎቹ ወደቦች በ1981 ተዘጉ። በዚያው ዓመት መንግሥት የልማት ኮርፖሬሽን አቋቋመና የፕላን ሥልጣኑን ከአካባቢው ምክር ቤቶች ወሰደ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። አይል ኦፍ ዶግስ ወደሚባለው የዶክላንድስ ክፍል ለገቡ ድርጅቶች ለ10 ዓመት የንብረት ግብር ተነሳላቸው። ቢሮው በላይ በላዩ ተሠራ፣ ትራንስፖርቱ ግን ወደ ኋላ ቀረ። በ1987 የተከፈተው ቀላል ባቡር ሕዝቡን አልቻለውም፤ ጁብሊ የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር የደረሰው በ1999 ነው። በመሃል፣ በ1992፣ እዚያው የተሠራው የካናሪ ዋርፍ የቢሮ ሕንፃዎች መንደር አልሚ ድርጅት ኪሳራ ውስጥ ገባ።

ዛሬ በዚያ ሹፌር አልባ ቀላል ባቡር ፊተኛው ወንበር ላይ ብትቀመጥ፣ ፖፕላር አካባቢ ባንድ በኩል የባንክ ፎቅ፣ በሌላው በረንዳው ላይ ልብስ የተሰጣበት የምክር ቤት ኪራይ ቤት ታያለህ። የወደብ ሠራተኛ በአንድ ጀምበር ባንከር አይሆንማ! ኮርፖሬሽኑ በ1998 እስኪዘጋ ከተሠሩት ቤቶችም አብዛኞቹ ለሽያጭ ነበሩ፤ የኪራይ ቤት ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ብዙም አልፈየዱም።