ወንበሩ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይዟል

ከጎንደር፣ ከማራኪ ሰፈር፣ አንዲት እህት ጽፈውልኛል። አዲስ አበባ ከአንድ ዲዛይነር የገዙት፣ ከላሜራ ተበይዶ የተሠራ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ወፍራም የብረት ወንበር አላቸው። የተሠሩት ጥቂት ስለሆኑ ከሥሩ ቁጥር ተመቶበታል። በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከኋላ በብየዳው መስመር ቡናማ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሲያዘነብሉት ውስጡ ይንቦጫረቃል። «ከሥሩ የነበረችውን ቀዳዳ አንድ በያጅ በብየዳ ደፍኖ ስቱኮ ቀባልኝ። ማግኔት ይይዛል። ድሪልና ግራይንደር አለኝ። መስመሩን ላስበይደው?» ይላሉ።

እህቴ፣ አሁን አያስበይዱት! ያቺ ቀዳዳ ጉድለት አልነበረችም። ሠሪው አስቦ የተዋት የውሃ መውጫ ናት ብዬ ነው የምጠረጥረው። የተደፈነው መውጫው ነው፤ መግቢያው ግን እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በያጆች ብዙ ጊዜ ስለሚከራከሩኝ። የብረት ሆድ ይተነፍሳል። ወንበርዎ ውስጥ 40 ሊትር አየር አለ እንበል። የጎንደር ፀሐይ ብረቱን ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ስታደርሰው አየሩ በ10 በመቶ ያህል ይሰፋል። 4 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ይህ አየር በዓይን በማይታዩ የብየዳ ቀዳዳዎች ሾልኮ ይወጣል። አመሻሽ ላይ ዝናብ ሲመጣ ብረቱ ባንዴ ይቀዘቅዛል፣ የውስጡ አየር ይኮማተራል፣ ሆዱም መሳብ ይጀምራል። በዚያን ሰዓት መስመሩ ላይ የተኛው የዝናብ ውሃ ነው፤ የሚስበውም እሱኑ ነው። በማግሥቱ ሲሞቅ አየሩ ይወጣል፣ ውሃው ግን ታች ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴን እንዲህ ሲጠጣ ከከረመ ቢንቦጫረቅ አይገርምም።

የሁሉም ዲዛይን ችግር ግን አይደለም። የወንበር ዲዛይነሩ ሮን አራድ እ.ኤ.አ. በ1986 የሠራው «ዌል ቴምፐርድ» ወንበር የተለመጡ ላሜራዎች በብሎን ተያይዘው የቆሙበት ነው፤ ውሃ የሚያቁርበት ሆድ የለውም። በ1988 የሠራው «ቢግ ኢዚ» ግን ተበይዶ የተዘጋ፣ ሆድ ያለው ነው። የእርስዎ ወንበር ወደዚህኛው ይጠጋል።

አደራ የምልዎት አንድ ነገር አለ። ቀዳዳ ሳይከፈትለትና ውስጡ ሳይደርቅ ብየዳ እንዳይነካው። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። የተዘጋ ብረት ውስጥ መውጫ ካጣ በያጁ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ወደ ሥራው እንግባ። ወንበሩን ያዘንብሉና ውሃው ወደ አንድ ጎን ይሂድ። የድሮዋ ቀዳዳ ያለችበት ቦታ ከውሃው በላይ ሲሆን እዚያው ላይ በ6 ሚሊሜትር ይብሱት። ድሪሉ የባትሪ ቢሆን ይሻላል፤ ኤሌክትሪክና ውሃ አይገናኙ። መነጽር ያድርጉ፣ ፊትዎን ገለል ያድርጉ። የተመታው ቁጥር አጠገብ ግን አይድረሱ፣ የወንበሩ መታወቂያ እሱ ነው። ከዚያ ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ውሃውን በጣሳ ይቀበሉ። ከመቀመጫው ሥር፣ ከፍ ብሎ በማይታይ ቦታ፣ ሁለተኛ ቀዳዳ ለአየር ይክፈቱ። ለሳምንት ፀሐይ ላይ ይዋል። በእሳት ላድርቅ እንዳይሉ።

ስቱኮውን በግራይንደር ሳይሆን በእጅ ይፋቁት። ርካሽ ስቱኮ ብረትና ዝገት መሀል እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፤ ከላይ ያምራል፣ ከሥር ይበላል። ስንት ጥሩ ሥራ በዚህ ተበላሽቶ እጄ ገብቷል! ሲፋቅ ስንጥቅ ከታየ ያኔ ይበየድ። ደረቅ የ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ፣ ዝቅ ያለ አምፔር፣ ጣት የምታህል መስመር፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ። በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ላሜራው ይጣመማል፣ የሠሪው ቅርጽም ይጠፋል። ኤሌክትሮዱ ክረምቱን ሱቅ ደጃፍ ሲርስ የከረመ ከሆነ ይመልሱት፤ ብየዳው ወንፊት ነው የሚሆነው። ሁለቱም ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸውን ግን እርስዎ ራስዎ ሳያዩ በያጁ እንዳይጀምር።

ብየዳው ካለቀ በኋላ የመኪና ቦዲ ሠራተኞች በር ውስጥ የሚረጩትን ሰም በላይኛው ቀዳዳ ይርጩና ወንበሩን ያገላብጡት። ውጩን ቀለም አይቀቡት፤ የዚህ ወንበር ዋጋው ብረቱ ራሱ ነው። ፀሐይ ላይ ለብ ሲል የንብ ሰም በስሱ አሽተው በጨርቅ ይወልውሉት።

በጣሳው የወጣውን ቀለሙንና መጠኑን ይጻፉልኝ። ደርቆ ከከረመ በኋላ ከታችኛዋ ቀዳዳ እንደገና ውሃ ከመጣ ሌላ ያላየነው ስንጥቅ አለ፤ ያኔ ከመቀመጫውና ከጀርባው መገናኛ እንጀምራለን።