ማንጎውን ይተዉት፣ በረቱን ያንሱት

ከአርባ ምንጭ አካባቢ አንድ ገበሬ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ፍየሎቼ የሚያድሩት ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ማታ ማታ የሌሊት ወፍ ይወርበታል። ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው ከሌሊት ወፍ የሚመጣ ገዳይ በሽታ ገባ ከተባለ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ዛፉን ልቁረጠው? ወይስ ዋሻቸውን አጭሼ ላባርራቸው?»

ወንድሜ፣ መስጋትዎ ትክክል ነው። ግን እባክዎ ሁለቱንም አያድርጉ።

ኡጋንዳ ውስጥ ኪታካ የሚባል የማዕድን ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሠራተኞቹ በማርበርግ ታመሙ። ከዚያ በኋላ የሌሊት ወፎቹን ፈጇቸው። በ2012 ግን ወፎቹ ተመልሰው ሰፍረው ተገኙ። ቫይረሱ ያለባቸው ቀድሞ 5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ያኔ 13 በመቶ ደረሱ። በዚያው ዓመት በአቅራቢያው ባለችው ኢባንዳ በሽታው እንደገና ሰው ገደለ።

ዛፍ መቁረጡም እንዲሁ ነው። አውስትራሊያን ይመልከቱ። የዚያ አገር የሌሊት ወፎች የባሕር ዛፍ አበባ ማር ይመገባሉ፤ እኛም ባሕር ዛፍን ያገኘነው ከዚያው ነው። በክረምት የሚያብበው ደን ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር ወፎቹ ተራቡ። የከተማና የፈረስ ግጦሽ ዛፎች ላይ ሰፈሩ። የተራበ ወፍ ደግሞ ቫይረሱን አብዝቶ ይረጫል። ፈረሶቹ የወፎቹ ሽንት የነካውን ሣር በሉ፣ ሄንድራ የሚባለው በሽታ ያዛቸው፣ ከፈረስም ወደ ሰው ተሻገረ። የ25 ዓመት መረጃ ያዩ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አገኙ፦ የተረፈው ደን በክረምት በደንብ ባበበ ጊዜ በሽታው ወደ ፈረስ አልተሻገረም። እኔን በጣም የነካኝ ይሄ ነው። ወፉ ደኑ ውስጥ ከጠገበ እኛ ጋ አይመጣም።

የእርስዎን ግቢ የሚመስለው ግን ማሌዥያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 እና 1999 የአሳማ በረቶች አጠገብ ማንጎ ተተክሎ ነበር። ወፎቹ ነክሰው የጣሉትን ፍሬ አሳማዎቹ በሉ። ኒፓ የሚባል ቫይረስ ከ100 በላይ ሰው ገደለ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል አሳማም ተወገደ።

ፍየሎችዎ ማርበርግ ያመጣሉ ማለቴ አይደለም። ማርበርግ ከሌሊት ወፍ ሰውን የሚይዘው በአብዛኛው ዋሻና የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ነው። ስለዚህ ልጆች ዋሻው ውስጥ አይግቡ፤ ኩሱንም ለማዳበሪያ ብለው አይዛቁ።

በረቱን ከማንጎው ጥላ ያውጡት። የውኃ ገንዳውን ማታ ይክደኑት። የተነከሰ ፍሬ ለሰውም ለከብትም አይስጡ፤ ጠዋት ለቅመው ይቅበሩት። ደህናውንም አጥበው ልጠው ይብሉ። ወንዙ ዳር ሾላ ካለ ደግሞ አደራ፣ አይቁረጡት። የሌሊት ወፍ ሾላ ይወዳል፤ እዚያ ካገኘ ማንጎዎ ላይ የሚያርፈው ይቀንሳል።