ከማኅበር ለጊዜው ወጥቶ መኖር፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

የካቶሊክ ገዳማውያንና ገዳማውያት ከማኅበራቸው ለጊዜው ወጥተው ስለ መኖር ለጠየቃችሁኝ የምመልሰው በላቲን ሥርዓት ሕግ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የቀኖና ሕግ ነው፤ «ቀኖና» ስል የዚህን ሕግ አንቀጽ ማለቴ ነው። የግእዝ ሥርዓት ገዳማትን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ1990ው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ነው።

እናቴ አልጋ ላይ ዋለች። ከእኔ ሌላ አስታማሚ የላትም። መሐላዬን ላፍርስ?

ኧረ በጭራሽ፣ ሲስተር! ቀኖና 665 አለልዎት። ፕሮቪንሻሏ (የማኅበሩ የአካባቢ ክፍል አለቃ) በምክር ቤቷ ስምምነት እስከ አንድ ዓመት ከማኅበሩ ቤት ውጭ እንዲኖሩ መፍቀድ ትችላለች። ራስዎ ለመታከም፣ ለመማር ወይም በማኅበሩ ስም ለመሥራት ቢሆን ኖሮ የዓመት ገደቡ እንኳ አይኖርም ነበር።

ዓመት ካልበቃኝስ?

ያኔ ወደ ቀኖና 686 ይሄዳሉ። ረዘም ላለ ጊዜ ከማኅበሩ ውጭ የመኖር ፈቃድ ነው፤ በላቲኑ «ኤክስክላውስትራሲዮ» ይባላል። የዘለዓለም መሐላ ለገቡ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከባድ መሆን አለበት። ፈቃጇ የመላው ማኅበር ጠቅላይ አለቃ ናት፣ እሷም በምክር ቤቷ ስምምነት። ድሮ ጣሪያው ሦስት ዓመት ነበር፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ አምስት ከፍ አደረጉት። ከዚያ በላይ ለማራዘም ቅድስት መንበርን (ቫቲካንን)፣ ማኅበሩ በጳጳስ ሥር ያለ የሀገረ ስብከት ማኅበር ከሆነ ደግሞ ጳጳሱን መጠየቅ ግድ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አምስት ዓመት በዝቷል። ሰው የራሱን ቁልፍ መያዝ ቶሎ ይለምዳል።

የገዳም ልብሴንስ? ደሞዜስ የማን ነው?

ልብሱን መልበስ ይችላሉ፣ የፈቃዱ ደብዳቤ ካልከለከለ። በማኅበሩ ምርጫ ግን አይመርጡም፣ አይመረጡም። መሐላውም እንዳለ ነው፤ የሚቀርልዎት ከአዲሱ ኑሮ ጋር የማይሄደው ግዴታ ብቻ ነው። በአለቆችዎና በአካባቢው ጳጳስ ሥር እንደሆኑ ይቆያሉ።

ደሞዙ ነው ጣጣው። በቀኖና 668 መሠረት ገዳማዊት ሠርታ የምታገኘው የማኅበሩ ነው። ታዲያ የቤት ኪራዩ ከምን ይከፈል? ስለዚህ ሻንጣ ሳይዘጋ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ለኑሮ የሚቀረው ስንት ነው? የተረፈው የት ይገባል? ቢታመሙ ማን ያሳክማል? ሁሉንም በጽሑፍ አድርጉት። «እንተማመናለን» የሚባለው ነገር አለቃ ሲቀየር ይረሳል።

ካህን ነኝ። ለእኔም ያው ነው?

አዎ አባ፣ አንድ ነገር ይጨመራል። የሚኖሩበት ሀገረ ስብከት ጳጳስ አስቀድመው መስማማት አለባቸው።

አለቃዬ በግድ ልታስወጣኝ ትችላለች?

ብቻዋን አትችልም። በምክር ቤቷ ስምምነት ታመለክታለች እንጂ ወሳኙ ቅድስት መንበር ወይም ጳጳሱ ነው።

ሳልናገር ብጠፋስ?

አለቆችዎ ፈልገው እንዲመለሱ የመርዳት ግዴታ አለባቸው። የት እንዳሉ ሳይታወቅ 12 ወር በተከታታይ ካለፈ ግን በሕጉ በራሱ ከማኅበሩ ተሰናብተዋል። ይህ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ነው። አለቃዋ ይህን ታውጃለች፤ እንደ ማኅበሩ ዓይነት ቅድስት መንበር ወይም ጳጳሱ ያጸድቀዋል።

ፈቃዱ ሲያልቅ ማን ይጠራኛል?

ጥሪ አይጠብቁ፤ ቀኑ ሲደርስ መመለስ ነው። ማራዘም ከፈለጉ ቀኑ ሳያልፍ ያመልክቱ። ጭራሽ መውጣት ከፈለጉ ደግሞ እሱ ሌላ ማመልከቻ ነው፣ ሌላ ቀኖና።