የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ ላይ ሁለተኛ ገመድ ለመጨመር

ጥያቄ፦ «ሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። የሰንደቅ ዓላማ ምሰሷችን 9 ሜትር ነው፤ የታችኛው 6 ሜትር ባለ 3 ኢንች፣ የላይኛው 3 ሜትር ባለ 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ። ገመዱ ፑሊው ውስጥ እየተቀረቀረ ሰንደቁ መሃል ላይ ይቀራል። መንገደኛው ‹ማን ሞተ?› እያለ ይጠይቀናል። ከፑሊው ሥር ሌላ ፑሊ አስበይደን ሁለተኛ ገመድ ብንጨምር ይበጃል?»

መምህር፣ አብሽሩ፣ የሚስተካከል ነገር ነው። ሁለተኛ ገመድ መጨመሩ ጥሩ ነው፤ ከመጀመሪያው ፑሊ ሥር ማስበየዱን ግን ይተዉት። ሰንደቁ ሲወጣ ጫፉ የታችኛው ፑሊ ላይ ይያዛል፤ ሁለቱ ገመዶችም በአንድ ወገን ስለሚወርዱ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ይጠላለፋሉ። ከሁሉም በላይ አዲሱ እንደ አሮጌው ከተሠራ እንደ አሮጌው ይቀረቅራል። መጀመሪያ የመቀርቀሩን ምክንያት እንያዝ።

ገመድ ከቦዩ፣ ማለትም በፑሊው መዞሪያ ዙሪያ ካለው ጎድጓዳ መስመር፣ ወጥቶ የሚሰነቀረው በመዞሪያውና በጎኑ ላሜራ መካከል ክፍተት ሲያገኝ ነው። ክፍተቱ በየጎኑ ከ1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። መለኪያ ባይኖርዎ የክብሪት እንጨት ይሞክሩ፤ ያለ ችግር ከገባ ክፍተቱ በዝቷል። የብረት መዞሪያ ደግሞ ዝናብ ሲመታው ከቡሎኑ ጋር ዝጎ ይያያዛል። ያኔ መዞሩን ትቶ ገመዱን ብቻ ያንሸራትታል፤ ገመዱም ቀስ በቀስ አንዱን ጎን ፍቆ ለራሱ መግቢያ ያበጃል። የእርስዎን ሲያወርዱት ቦዩን በጣትዎ ይዳስሱት፤ አንደኛው ጠርዝ ስለት ሆኖ ካገኙት ሌላ ምክንያት አይፈልጉ።

ሁለተኛው ምክንያት ፑሊው ምሰሶው ላይ ድርቅ ብሎ መበየዱ ነው። ነፋሱ ሰንደቁን ወደ ጎን ሲጎትተው ገመዱ ቦዩን በማዕዘን ይለቃል። በሸራ ጀልባም እንዲሁ ነው፤ ከጀልባው ፊት እንደ ፊኛ የሚነፋውንና በነፋስ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን ትልቅ ሸራ የሚሰቅለው ገመድ የሚያልፈው ዙሪያውን ከሚሽከረከር ማንጠልጠያ ላይ በተሰቀለ ፑሊ ነው። ለእርስዎም ሁለቱም ፑሊዎች እንደዚያ መንጠልጠል አለባቸው።

ለበያጁ እንዲህ ብለው ያዙ። 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2½ ኢንች ቱቦ ይቆረጥ፤ በባለ 2 ኢንቹ ላይ እንደ ቆብ ይጠለቃል። አናቱ በ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይዘጋ፣ ውሃ እንዳይገባ። በግራና በቀኝ፣ በተቃራኒ ጎን ሆነው፣ ሁለት ክንዶች ይበየዱበት። ከምሰሶው መሃል እስከ ማንጠልጠያው ቀዳዳ 12 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካጠረ ገመዱ ታች ባለ 3 ኢንቹ ትከሻ ላይ እየተፋተገ ያልቃል። ቆቡ በራሱ እንዳይዞር በሁለት ባለ 10 ቡሎን ከምሰሶው ጋር ይታሰር፤ ከዞረ ሁለቱም ገመዶች ምሰሶው ላይ ይጠመዘዛሉ። መዞሪያው የነሐስ ወይም የናይለን፣ የክቡ ስፋት (ዲያሜትሩ) ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቡሎኑ የማይዝግ ብረት ሆኖ በሁለት ዳዶ ይቆለፍ።

ጋልቫናይዝድ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ወተት መጠጣት አይከላከለውም። በያጁ የሚበይድበትን ቦታ ዚንኩን በግራይንደር ያንሳ፤ ሲያነሳ አቧራው እንዳይገባበት አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሲበይድም ሜዳ ላይ ነፋስን በጀርባው አድርጎ ይሥራ። ከዚያ ጸረ ዝገት ይቀባ።

መሰላል ምሰሶው ላይ አስደግፎ መውጣት ፈጽሞ አይሞከር፤ ክብ ቱቦ መሰላል አይዝም። ምሰሶው ሥሩ ላይ በቡሎን የታሰረ ከሆነ ያስተኙት። ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ስድስት ሰውና በሦስት አቅጣጫ የሚይዙ ገመዶች ያስፈልጋሉ። የሚወድቅበት ቦታ ላይ የመብራት ሽቦ አለመኖሩን አስቀድመው ይዩ። በኮንክሪት የተቀበረ ከሆነ ከግንባታ ሠራተኞች የብረት መወጣጫ ተከራይተው ዙሪያውን ያቁሙ። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ቢሠራ ይመረጣል።

ገመዱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የተጎነጎነ ፖሊስተር ይሁን። ለእያንዳንዱ 20 ሜትር ይበቃል፤ 18ቱ ለደርሶ መልስ፣ ቀሪው ለማሰሪያ። ርካሹ ፕላስቲክ ገመድ በደጋ ፀሐይ ቶሎ ተሰነጣጥቆ ዱቄት ይሆናል። ሁለቱን የገመድ ጫፎች በሰንደቁ ብቻ አያገናኙ፤ ሰንደቁ ሲቀደድ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ሮጦ ያመልጣል። በሰንደቁ ቁመት ልክ በተቆረጠ አጭር ገመድ ያያይዟቸው፣ ሰንደቁን እዚያ ላይ ይሰኩት። ከላይኛው ቋጠሮ በላይ አንድ የእንጨት ኳስ ያስገቡ፤ ቋጠሮው ፑሊው ውስጥ ሳይገባ ያቆመዋል።

ሁለተኛውን ገመድ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት። በፑሊው ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር ናይለን ሲባጎ ብቻ አሳልፈው ይተዉ፤ ዋናው ገመድ ዕቃ ቤት ይቀመጥ። ሲያስፈልግ የገመዱንና የሲባጎውን ጫፍ አፍ ለአፍ ያጋጥሙ፤ አይደራርቡ፣ አይቋጥሩ። በወፍራም መርፌና ክር አምስት ስድስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይስፉት፣ ከዚያ በናስትሮ እንደ እርሳስ ጫፍ እየቀጠነ እንዲሄድ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠቅልሉት። ቀስ ብለው ሲስቡት ሳይደናቀፍ ያልፋል። የመጀመሪያው ገመድ ሳይበጠስ ሲያረጅም በዚሁ መንገድ ማንም ሳይወጣ ይቀየራል።

ምሰሶው ከቆመ በኋላ፣ ሰንደቁ ከመሰቀሉ በፊት፣ 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን በገመዱ አስረው አንድ ሜትር ያንሱና ሌላውን ጫፍ አስረው አንድ ሰዓት ይተዉት። ፑሊው የሚሸከመው እጥፉን፣ 40 ኪሎ ያህል ነው። ልጆች አይቅረቡ። ሁለቱንም ፑሊ ለየብቻ ይሞክሩ።

አሁን የተቀረቀረውን ደግሞ በኃይል አይጎትቱት፤ በሳቡት ቁጥር ይበልጥ ይሰነቀራል። ሁለቱንም ወገን አላልተው፣ ከምሰሶው ሦስት አራት እርምጃ ርቀው፣ ገመዱን እንደ ጅራፍ ወደ ላይ ያወዛውዙትና ከተቀረቀረበት አቅጣጫ በተቃራኒው ይሳቡት። ብዙ ጊዜ ይለቃል።