ስኪዞፍሬኒያ፣ ዘርና ወሊድ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ስኪዞፍሬኒያ (ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበት፣ እውነት ያልሆነውን እውነት ነው ብሎ የሚያምንበት የአእምሮ ሕመም) በዘር ስለመተላለፉና ስለ አወላለድ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ አለበት። የእጮኛዬ ቤተሰቦች «ዘራቸው ውስጥ እብደት አለ» ብለው ሠርጉን ሊያስቀሩ ነው። የምወልዳቸው ልጆች ይታመማሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘር ድርሻ እንዳለው እውነት ነው፤ የእነሱ ስሌት ግን ልክ አይደለም። ከማንኛውም 100 ሰው ወደ 1 የሚጠጋው በዕድሜው በዚህ በሽታ ይያዛል። አጎታቸው የታመመባቸው ልጆች ላይ ቁጥሩ ወደ 3 ወይም 4 ከፍ ይላል። የቀሩት 96 ወይም 97 ልጆች አይታመሙም ማለት ነው። ዘረመላቸው (ከወላጅ የሚወረሰው የሰውነት መመሪያ) አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው የመታመም ዕድሉ ከግማሽ በታች ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ወንድምሽንም ከሠርጉ እንዳትደብቂው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሽታውን የሚያስተላልፈው ጂን (የዘረመል ክፍል) በደም ምርመራ አይታወቅም?

መልስ፦ በሽታውን ብቻውን የሚያመጣ አንድ «ጂን» የለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ትልቅ ጥናት ከ76,000 በላይ ሕሙማንን ካልታመሙ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎች አገኘ፤ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ስጋት ግን በጣም ትንሽ ነው። «ልጅህ ይታመማል አይታመምም በምርመራ እንነግርሃለን» የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለየት የሚለው ክሮሞዞም 22 (ዘረመልን ከሚሸከሙት ክሮች አንዱ) ላይ ትንሽ ቁራጭ የጎደላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ይታመማል። ብዙዎቹ ከልብ ችግር ወይም ከላንቃ ችግር ጋር ስለሚወለዱ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለሐኪሙ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጥናት አይደል?

መልስ፦ በአብዛኛው አዎ፣ ችግሩም እሱ ነው። የአፍሪካ ሕዝብ ዘረመል በዓለም ላይ ከሁሉም የበለጠ ብዝኃነት አለው፤ እኛ የሌለንበት ጥናት ነገ የሚወልደው ምርመራ ለእኛ በደንብ ላይሠራ ይችላል። ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት የተጀመረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለበት፤ ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ምራቅ ተሰብስቧል። መርፌ አልነበረውም፣ ትንሽ ዕቃ ውስጥ እንትፍ ማለት ነበር። ቡታጅራ ላይ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ከ68,000 በላይ ሰው በመጠይቅ ተጠይቆ ከመሀላቸው የተለዩት ሕሙማን ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ቤታቸውን ከፍተው ለመለሱት ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ጥያቄ፦ ልጄን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። 19 ዓመቱ ላይ ታመመ። አማቴ «በምጥ ብትወልጂው ኖሮ» ይሉኛል።

መልስ፦ ይሄን ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። እናቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ስዊድን ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት አለ። መጀመሪያ ሲታይ በቀጠሮ ኦፕራሲዮን የተወለዱት ላይ የአእምሮ ሕመሙ ትንሽ በዝቶ ተገኘ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ አንዱ በኦፕራሲዮን ሌላው በምጥ የተወለዱ ወንድምና እህቶችን አነጻጸሩ፤ ልዩነቱ ጠፋ። ስለዚህ ምላጩ አይደለም። ስጋቱን በመጠኑ ይጨምራሉ የሚባሉት ሌሎች ናቸው፦ የሕፃኑ በወሊድ ጊዜ አየር ማጣት፣ የእርግዝና ደም ግፊት፣ ክብደቱ አንሶ መወለድ። ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን የሚሠራው ደግሞ ከእነዚህ ለማዳን ነው። እማማ ቢሰሙሽ ይህን አንብቢላቸው።

ጥያቄ፦ «ምጥ ያልቀመሰች እናት አይደለችም» ይባላል። ሌሎች ደግሞ ገንዘብ ከፍለው ኦፕራሲዮን ይመርጣሉ። አንተ የቱን ትላለህ?

መልስ፦ የመጀመሪያው አባባል ሴቶችን ይገድላል፤ ቤተሰብ ሲያቅማማ ሰዓት ያልፋልና። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለደው 2 በመቶ ብቻ ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 21 ገደማ። ገጠር ያለችው የሚያስፈልጋትን አላገኘችም፣ ከተማ ላይ ደግሞ ያለ ምክንያት የሚሠራ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አገር ከ10 በመቶ በላይ መውጣቱ የሞትን ቁጥር ሲቀንስ አልታየም። ጠባሳው በሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጅ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል፣ ምክንያት ከሌለ በምጥ ይሁን እላለሁ።

ጥያቄ፦ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ አርግዣለሁ። ላቁመው?

መልስ፦ በራስሽ አታቁሚው! ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ከመድኃኒቶችሽ መሀል ቫልፕሮኤት ካለ በተለይ አትዘግዪ፤ ጽንሱን ይጎዳል። ለአዋላጇ ሕመምሽን ቀድመሽ ንገሪያት። ከወለድሽ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ናቸው፣ እንቅልፍ ማጣት ያባብሰዋል። ሊጠይቁሽ የሚመጡት ገንፎውን ካገነፉ በኋላ አንዷ ታድር፤ ሌሊት እሷ ሕፃኑን ትያዝልሽ፣ አንቺ ተኚ።